ፍልጸት፤ የራስ ሕመምና የመድኃኒቱ ታሪክ

የታሪክ ክበባችን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ዐድዋ ጦርነት፣ አንዳንዶቹም ስለ ላሊበላ ሕንፃ እንጻፍ ብለው ነበር። ነገር ግን ስለ እነዚህ ታላላቅ ነገሮች ከእኛ የሚበልጡ ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋልና፣ እኛ በቅርባችን ያለውንና በየቀኑ የምናየውን ነገር መረጥን። ይኸውም ራስ ምታት ነው። አሳባችንን በገለጥን ጊዜ የክፍል ጓደኞቻችን «ራስ ምታት ደግሞ ታሪክ አለው ወይ?» እያሉ ብዙ ሣቁብን።

ይህን እንድንመርጥ ያደረገን ምክንያት የሚከተለው ነው። ከእኛ የአንዱ እናት በበርበሬ በረንዳ በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ከግራ ዐይናቸው በላይ የሚጀምር ሕመም ይይዛቸዋል። ሕመሙ በተነሣባቸው ጊዜ ብርሃን ማየት፣ ድምፅ መስማት፣ ሽታ ማሽተት አይችሉም፤ ይህም ሁሉ የሚሆነው መርካቶ መካከል ነው! ተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ይጮኻል፤ የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል፤ የበርበሬው ብናኝ ጤነኛውን ሰው እንኳ ያስነጥሳል። እሳቸው ግን ሻሻቸውን በግንባራቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አስረው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጆንያው ኋላ ይተኛሉ። የዚያን ቀን ልጃቸው ከትምህርት ቀርቶ ሱቁን ይጠብቃል። ባለፈው ዓመት በዚህ ምክንያት ከትምህርት የቀረባቸውን ቀኖች ብንቈጥራቸው አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፤ ከእነዚህም አንዱ የፊዚክስ ፈተና ቀን ነበር። ጎረቤት ነጋዴዎች «ራስ ምታትም በሽታ ሆኖ ሰው ይተኛል? ሥራ ሲጠላ ነው እንጂ» ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል። እኛም ይህ ሕመም ምን እንደ ሆነ፣ ሰዎችስ መድኃኒቱን ለማግኘት ምን ያህል እንደ ደከሙ ለማወቅ ፈለግን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። «ማይግሬን» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ መነሻው ግሪክኛ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋሌን «ሄሚክራንያ» ይለው ነበር፤ ትርጓሜውም የራስ ቅል ግማሽ ማለት ነው። የእኛ አባቶች ግን ቃል ለመበደር ወደ ግሪክ አልሄዱም። በግእዝ «ፈለጸ» ማለት ፈለጠ፣ ከፈለ ማለት ነውና፣ ራስን ለሁለት የሚከፍለውን ሕመም «ፍልጸት» ብለው ጠሩት። በብራና በተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍትና በአንገት በሚንጠለጠሉት ክታቦች ውስጥ ፍልጸት ከውግዓትና ከቍርጸት ጋራ በስሙ ይጠራል። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው የፖላንድ ሊቅ ከእነዚህ የመድኃኒት መጻሕፍት ብዙዎቹን መርምሮ ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋራ በ1968 በዋርሶ አሳትሟል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) እናቶቻችን ዛሬም «ራሴን ፈለጠኝ» ሲሉ የሚናገሩት ያንኑ የጥንት ቃል ነው።

ፍልጸት ከተራው ራስ ምታት ይለያል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ይይዛል፤ ከልብ ትርታ ጋራ እየተስማማ ይመታል፤ ያቅለሸልሻል፤ ያስታውካል፤ ካልታከመም ከአራት ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ሊቈይ ይችላል። አንዳንዶች ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በዐይናቸው ላይ የሚንቀለቀል ብርሃን ወይም እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ መስመር ያያሉ። ሕመሙ ሲያልፍ ሰውየው ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይነሣል። ሰው የማያምነውም ስለዚህ ይመስለናል፤ ትናንት ተኝቶ ያቃስት የነበረ ሰው ዛሬ ኩንታል ሲሸከም ይታያልና።

አሁን ወደ መርካቶ እንመለስ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ነጮችንና የአገሩን ሰው ለያይተው ለማስፈር ዐቅደው ስለ ነበር፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት። «መርካቶ» የሚለውም ስም ከዚያ ዘመን የቀረ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ገበያው ግን ቀረ፤ እየሰፋም ሄደ። ከአራዳ ከመጡት ነጋዴዎች ጋራ ቅጠል ሻጮችም አብረው መጥተዋል ብለን እናምናለን፤ ገበያተኛ ያለ መድኃኒት አይኖርምና።

ሄልሙት ክሎስ የተባለው ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ በዐሥራ ዘጠኝ የኢትዮጵያ ገበያዎች የሚሸጡትን የባህል መድኃኒቶች አጥንቶ ውጤቱን በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳትሟል። እኛም በዐቅማችን አንድ ቅዳሜ ደብተራችንን ይዘን ቅጠልና ሥር ከሚሸጡት አሮጊት ዘንድ ሄድን። መጀመሪያ የቀበሌ ሰዎች መስለናቸው ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ተማሪዎች መሆናችንን ከነገርናቸው በኋላ ግን «ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ» ብለው አስተማሩን። ለራስ ምታትና ለምች ዳማከሴ ታሽቶ ጭማቂው ይሸተታል፤ ግንባርም ይቀባል፤ ጥቂት ጠብታ በቡና ተደርጎ ይጠጣል። ጤና አዳም ከነፍሬው በቡና ይነከራል። ጥቁር አዝሙድ ታምሶ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል። ይህ ሁሉ እንቢ ሲል ወደ ዋግምት ይኬዳል፤ ይኸውም ቆዳውን በስለት ነካ ነካ አድርጎ በቀንድ ደም መምጠጥ ነው። «ዋግምቱስ ያድናል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔ ቅጠል ነው የምሸጠው፤ ስለ ቀንድ ባለ ቀንዱን ጠይቁ» ብለው መለሱልን።

ስለ ዳማከሴ ሳይንስ ምን እንደሚል ፈልገን ነበር። ዶክተር ኢያሱ መኰንንና ጓደኞቻቸው በ2003 ባሳተሙት ምርምር የዳማከሴን ቅጠል በውሃና በአልኮል ጨምቀው ለአይጦች በሰጡ ጊዜ ትኵሳት እንዳበረደ አሳይተዋል። ስለዚህ አሮጊቷ ስለ ምች የነገሩን ነገር ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የአይጥ ትኵሳትና የሰው ፍልጸት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አይጥም ግማሽ ራሴን አመመኝ ብላ አትናገርም። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አውሮጳውያንም ቢሆኑ ብዙ ዘመን ከእኛ የተሻለ ነገር አልነበራቸውም። እነርሱም ደም ያስወጡ፣ ራስንም በጨርቅ ያስሩ ነበር። አስፕሪን በ1897 በጀርመን አገር በባየር ፋብሪካ ተሠርታ በ1899 ለገበያ ቀረበች። አስፕሪን ብዙ ሕመም ታስታግሣለች፤ ፍልጸትንም በጊዜ ከተወሰደች ለብዙ ሰው ታቀልለታለች። ሆኖም ለፍልጸት ተብላ የተሠራች አይደለችም። ለፍልጸት በተለይ የሚሠራው የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው ማንም ባልጠረጠረው ስፍራ፣ ከመርዝ ውስጥ ነው።

ይህ መርዝ ኤርጎት ይባላል። በአጃ፣ በገብስና በመሳሰለው እህል ዘለላ ላይ በፍሬው ቦታ የሚበቅል ጥቁር ፈንገስ ነው፤ ስሙም በፈረንሳይኛ የአውራ ዶሮ የእግር ሾህ ማለት ነው፤ ቅርጹ ያንን ይመስላልና። በመካከለኛው ዘመን አውሮጳ ይህ ፈንገስ የተቀላቀለበትን ዳቦ የበላ ሕዝብ እጅና እግሩ እየተቃጠለ፣ እየጠቈረ፣ በመጨረሻም ያለ ደም እየተቈረጠ ይወድቅ ነበር። ሕዝቡም ምክንያቱን ስላላወቀ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ብሎ ጠራው። የዚህ ሁሉ ምክንያት በፈንገሱ ውስጥ ያለው ቅመም የደም ሥሮችን አጥብቆ መጨምደዱ ነው፤ ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞታል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የጥንት የአውሮጳ ታሪክ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1977 እና በ1978 በአገራችን በወሎ ደጋ ይህ መቅሠፍት ወርዷል። በገብሱ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው ስናር በኤርጎት ተበክሎ ስለ ነበር፣ እህሉንና ስናሩን ሳይለዩ የበሉ ሰዎች በመጀመሪያ ሰውነታቸውን ጕንዳን የሚሄድበት ያህል ይወርራቸው፣ ከዚያም ያቃጥላቸው ጀመር፤ ብዙዎች እጃቸውንና እግራቸውን አጡ፤ ብዙዎችም ሞቱ። የእናቶች ጡት ወተት ስለ ደረቀ በራብ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። በ2001 ደግሞ በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ያው በሽታ ተነሥቶ ሰዎች ሞተዋል፤ አካላቸውም ጐድሏል። ይህን በምናነብበት ጊዜ ከእኛ አንዷ የወሎ ልጅ ስለ ሆነች ንባቡን አቋርጣ ወጣች። አያቷ እህል ሲያበጥሩ ስናሩን እየለቀሙ ለምን ይጥሉ እንደ ነበር የገባት በዚያን ቀን ነው። የምርት ማነስ ባለበት ዓመት ግን ማን ስናር ይጥላል? ራብተኛ የተገኘውን ይበላል።

እንግዲህ ከዚህ መርዝ ነው መድኃኒት የወጣው። በአውሮጳ አዋላጆች ኤርጎትን በጥቂቱ እየሰጡ ምጥ ያፋጥኑ ነበር። በ1868 ኤድዋርድ ዎክስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ለራስ ሕመም እንደሚጠቅም ጻፈ። ነገር ግን ፈንገሱ እንደ ተለቀመበት ማሳ ኀይሉ ስለሚለያይ፣ አንዱን ሰው የሚፈውሰው መጠን ሌላውን ይጐዳ ነበር። ችግሩ የተፈታው በ1918 ነው። በዚያን ዓመት በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በሳንዶዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት አርተር ሽቶል ከፈንገሱ ውስጥ ንጹሑን ቅመም ለይቶ አወጣና ኤርጎታሚን ብሎ ሰየመው። ከዚህ በኋላ መድኃኒቱን በሚዛን መስጠት ተቻለ። በ1925 የዙሪኩ ሐኪም ሃንስ ማየር ለፍልጸት ሕመምተኞች ሰጥቶ ብዙዎች እንደ ተሻላቸው አየ።

ለምን እንደሚያሽል ለማወቅ ግን ሌላ ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። በ1938 ግራሃምና ዎልፍ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ሕመም ላይ ባሉ ሰዎች ሰሌዳ፣ ማለት በጆሮና በዐይን መካከል፣ የሚመታውን የደም ሥር ትርታ በፊልም ላይ እየቀረጹ ኤርጎታሚንን በመርፌ ወጓቸው። የትርታው ኀይል እየቀነሰ በሄደ ቍጥር ሕመሙም ዐብሮ ቀነሰ። በወሎ የገበሬውን እግር የገደለው ያው የደም ሥር መጨምደድ በጥቂቱና በልክ ሲሆን የራስን ሕመም አስታገሠ ማለት ነው። እኛ በዚህ ነገር በጣም ተደነቅን። እናቶቻችን ሻሻቸውን በግንባራቸው ላይ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩት፣ ምናልባት ይህንኑ የደም ሥር ለመጫን ይሆን? የሕይወት ሳይንስ መምህራችን «መጠርጠር ትችላላችሁ፤ መጻፍ ግን አትችሉም» ስላሉን እንደ ጥርጣሬ ብቻ ጽፈነዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችን ስጦታም አለ፤ እርሱም ቡና ነው። ከቡና ፍሬ ውስጥ ካፌይን የተባለውን ቅመም በ1819 ለይቶ ያወጣው ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ኋላም ካፌይን ከኤርጎታሚን ጋራ ሲቀላቀል መድኃኒቱ ወደ ደም ቶሎ እንዲገባ እንደሚረዳ ስለ ታወቀ፣ አንድ ሚሊግራም ኤርጎታሚን ከመቶ ሚሊግራም ካፌይን ጋራ በአንድ ኪኒን ሆኖ «ካፈርጎት» በሚል ስም ለብዙ ዓመታት ተሸጧል። ስለዚህ ዳማከሴን በቡና የሚያጠጡት እናቶች መድኃኒትን ከቡና ጋራ በማዋሐድ ከሳንዶዝ ሊቃውንት ወደ ኋላ አልቀሩም። ይሁን እንጂ ቡና ሁለት ፊት አለው። በየቀኑ ሦስት ጊዜ የለመደ ሰው ቢቀርበት ራሱን ያመዋል፤ ይህን ለማረጋገጥ ላቦራቶር አያስፈልግም፤ ጧት ቡና ያልጠጣን መምህር መጠየቅ ይበቃል።

ኤርጎታሚን ጥሩ ቢሆንም የሚጨመድደው የራስን የደም ሥር ብቻ አልነበረም፤ የልብንም የእግርንም ይነካል፤ ያቅለሸልሻልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የራስን የደም ሥር ብቻ መርጦ የሚያጠብቅ መድኃኒት መፈለግ ጀመሩ። መንገዱን ያሳያቸው ሴሮቶኒን የተባለ በሰውነታችን ውስጥ ያለ ቅመም ነው። በ1961 ሲኩቴሪ የተባለ የጣሊያን ሐኪም ፍልጸት በያዛቸው ሰዎች ሽንት ውስጥ የዚህ ቅመም ትራፊ እንደሚበዛ አገኘ። በ1967 ደግሞ የአውስትራልያ ሐኪሞች ሕመሙ ሲጀምር በደም ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን እንደሚቀንስ አሳዩ። ሴሮቶኒንን ራሱን በመርፌ ቢሰጡት ሕመሙን ያስታግሥ ነበር፤ ነገር ግን መላ ሰውነትን ስለሚያውክ መድኃኒት ሊሆን አልቻለም።

በእንግሊዝ አገር በግላክሶ ኩባንያ ፓትሪክ ሃምፍሪ የሚባል ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋራ ከ1972 ጀምሮ በዚህ ነገር ላይ ሠራ። አሳቡ ቀላል ነበር፤ ሴሮቶኒን ብዙ በሮችን የሚከፍት ቍልፍ ከሆነ፣ የራስን የደም ሥር በር ብቻ የሚከፍት ሌላ ቍልፍ እንሥራ የሚል ነው። ከውሻ እግር የተወሰደ የደም ሥር ቍራጭ በፈሳሽ ውስጥ አንጠልጥለው፣ ኬሚስቶቹ የሚሠሩትን ቅመም አንድ በአንድ እያንጠባጠቡ ይጨመደድ እንደ ሆነ ይመለከቱ ነበር። አንዱ ቅመም የደም ሥርን ያጠብቅና መልሶ ያሰፋ ነበር። ሌላው ሕመምተኞችን አሻለ፤ ነገር ግን በአፍ ሲወሰድ ከሆድ ወደ ደም በደንብ አይገባም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከደከሙ በኋላ በ1984 የተፈለገው ተገኘ። ስሙም ሱማትሪፕታን ተባለ፤ በ1991 በሆላንድ አገር ለሕመምተኞች መሸጥ ጀመረ። ከአሳቡ እስከ መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። አንድ ሕፃን ተወልዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስበት ጊዜ ነው።

ሱማትሪፕታንም የደም ሥር ስለሚያጠብቅ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም። ስለዚህ ፍለጋው ቀጠለ። በ1980ዎቹ ዓመታት የስዊድኑ ላርስ ኤድቪንሰንና የአውስትራልያው ፒተር ጎድስቢ በፍልጸት ጊዜ ከራስ በሚወርደው ደም ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደሎች አጠራር «ሲጂአርፒ» የሚባል ቅመም እንደሚበዛ ደረሱበት። ይህ ቅመም ከፊት ነርቭ ጫፍ እየፈሰሰ የደም ሥርን ያሰፋል፤ የሕመሙንም ስሜት ወደ አንጐል ያደርሳል። ጌፓንት የሚባሉት አዲሶቹ መድኃኒቶች የዚህን ቅመም መቀበያ ይዘጋሉ እንጂ የደም ሥርን አይጨመድዱም።

የመጀመሪያው ጌፓንት ኦልሴጌፓንት ነበር። በ2004 በታተመው ሙከራ መድኃኒቱን በደም ሥር ከወሰዱት መካከል ከመቶ ስድሳ ስድስቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተሻላቸው። እዚህ ላይ አንባቢ በልቡ እንዲይዝ የለመንነው ነገር ይመለሳል። በዚያው ሙከራ ለሌሎች ሕመምተኞች ሳያውቁት ምንም መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከእነርሱም ከመቶ ሃያ ሰባቱ ተሻላቸው። ከአራት ሰዎች አንዱ በባዶ ፈሳሽ ዳነ ማለት ነው! ፍልጸት በራሱ ጊዜ የሚያልፍ ሕመም ነውና፣ ተስፋም ራሷ ታሽላለችና፣ «ወሰድኩት፣ ተሻለኝም» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሕግ ለባዝል ኬሚስትም ለመርካቶ ቅጠል ሻጭም አንድ ነው። ዳማከሴ ፍልጸትን አያሽልም አንልም፤ ግማሹ ሕመምተኛ ዳማከሴ፣ ግማሹም የማይጠቅም ሌላ ቅጠል ሳያውቅ ወስዶ ይወዳደር እንላለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ያዩትን በላቦራቶር ስላረጋገጡት ነው የእንዶድ ስም በዓለም የታወቀው።

ኦልሴጌፓንት በአፍ መወሰድ ስለማይችል ቀረ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ቴልካጌፓንት ሕመሙን በደንብ ያስታግሥ ነበር፤ ነገር ግን በየቀኑ በወሰዱት ጥቂት ሰዎች ጕበት ላይ የጕዳት ምልክት ስለ ታየ፣ መርክ የተባለው ኩባንያ በ2011 ሥራውን አቆመ። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም ባከነ፤ ሆኖም በዚህ ቦታ ማቆማቸውን እናመሰግናለን። በመጨረሻ በአሜሪካ አገር ላስሚዲታንና ኡብሮጌፓንት በ2019፣ ሪሜጌፓንት በ2020፣ በአፍንጫ የሚነፋው ዛቬጌፓንትም በ2023 ተፈቀዱ። ኤድቪንሰንና ጎድስቢ ከዴንማርኩ ዬስ ኦሌሰንና ከአሜሪካዊው ማይክል ሞስኮዊትስ ጋራ በ2021 የአንጐል ሽልማት የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ሱማትሪፕታንን መሠረታዊ መድኃኒቶች ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ አገባው።

በአገራችንስ? የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1961 ነው፤ ኢፋርም የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካም በ1964 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ስለ ሕመሙ ብዛት ደግሞ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ጓደኞቻቸው በገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ 15,500 ሰዎችን ጠይቀው በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን ያለባቸው ከመቶ ሦስት እንደ ሆኑ አገኙ፤ ከሴቶች ከመቶ 4.2፣ ከወንዶች ከመቶ 1.7 ነው። በ2016 በወጣው ሌላ ጥናት ግን 2,385 ሰዎች ተጠይቀው ከመቶ 17.7 ሆነ። ሕመሙ በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል በዛ ማለት አይመስለንም፤ የአጠያየቁ ልዩነት ይሆናል እንላለን። «በሽታ አለብህ ወይ?» ሲባል «የለብኝም፤ ራሴን ብቻ ያመኛል» የሚል ሰው በመርካቶም አናጣም።

በትምህርት ቤታችን አካባቢ ወደ ሦስት መድኃኒት ቤቶች ሄደን ጠይቀን ነበር። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን በሁሉም አለ። የጌፓንትን ስም ስንጠራ ግን ሁለቱ ባለመድኃኒቶች መልሰን እንድንጠራላቸው ጠየቁን፤ ሦስተኛው ሥቆ «እርሱ ገና መንገድ ላይ ነው» አለን። ከዚሁ ጋራ አንድ ጠቃሚ ነገር ነገረን፤ ይኸውም የራስ ምታት ኪኒን በወር ውስጥ ከዐሥር ወይም ከዐሥራ አምስት ቀን በላይ የሚወስድ ሰው ኪኒኑ ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ኋላም በመጻሕፍት አይተን እውነት ሆኖ አገኘነው።

ይህን ሁሉ ከሰበሰብን በኋላ የጓደኛችንን እናት ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ለመንናቸው። እሳቸው ግን «ለራስ ምታት ሐኪም ቤት ይኬዳል? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ሁለት ወር እንቢ አሉ። በሦስተኛው ወር ሕመሙ ለቅሶ ቤት ውስጥ ጀመራቸውና ወድቀው ስለ ተወሰዱ፣ ያን ጊዜ ሄዱ። ሐኪሙ በትዕግሥት ሰሟቸው። ሕመሙ በሥራ ጥላቻ የሚመጣ ሳይሆን ስም ያለው በሽታ መሆኑን በነገሯቸው ጊዜ አለቀሱ ይባላል። መድኃኒቱን ሕመሙ ሳይበረታ እንደ ጀመረ እንዲወስዱ፣ ከታዘዘላቸው ቀን ብዛት እንዳያሳልፉ፣ የያዛቸውንም ቀን እንዲጽፉ ተነገራቸው።

እሳቸው ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ የሚጽፍላቸው ጓደኛችን ነው። የሚጽፈውም በሱቁ የዱቤ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሲሆን፣ በአንድ ወገን የተበዳሪዎች ስም፣ በሌላው ወገን የፍልጸት ቀን ተጽፎ ይታያል። በመስከረም ሦስት፣ በጥቅምት ሦስት፣ በኅዳር ሁለት፣ በታኅሣሥ አንድ ይላል። ከትምህርት የቀረባቸውን ቀኖች እኛ በሌላ ቀለም ጨምረንበታል፤ ከጥቅምት ወዲህ ሁለት ናቸው።